ለደንገጎ ቁልቁለት የሚሆን ፍሬን

ማክሰኞ፣ ሰኔ 24። ረፋድ

ፉርሽካ አድርሼ ተመለስኩ። የላም አርቢዎቹ ሰፈር ጭቃ በጭቃ ነው፤ ጎማዬ ሰምጦ በስንት መከራ ወጣ። ፍሬን ስይዝ ከኋላ ይጮኻል። ብረት ከብረት ሲፋቅ። የኋላው ፍሬን ሸራ አለቀ ማለት ነው። ይሄን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያሻም፤ የመካኒክ ሚስት መሆን ይበቃል።

ማስታወሻዬ፣ ላንቺ ልንገርሽ እንጂ። ባሌ ደምሴ ለሥራ ድሬዳዋ ከወረደ ወዲህ የዚችን ፒክአፕ ጎማ የፈታ የለም። እሱ እያለ ክረምት ሲገባ የሱ ሥራ ነበር። እሱ ከሥር ይተኛል፣ እኔ ጋቢና እቀመጣለሁ። ርገጪ ይላል፣ እረግጣለሁ። ልቀቂ ይላል፣ እለቃለሁ። ሌላ ጊዜ ወሬ የማያውቅ ሰው ያን ቀን ድምፁ ግቢውን ይሞላል።

ለፋሲካ እመጣለሁ ብሎ ቀረ። ሥራ አለ። እሁድ እሁድ ይደውላል፤ እሱም እያጠረ ሄደ። ደህና ነሽ? ደህና። ገበያ? ደህና። ቻው።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 28። ከሰዓት

ወሰንኩ ማለት ይከብዳል፤ አሰብኩ ልበል። እትዬ ብርነሽ፣ ጎረቤቴ፣ ለሐምሌው ገብርኤል ቁልቢ ስለት አለባቸው። ጥላ ሊያስገቡ። አውቶቡስ ወገባቸውን ይገድላቸዋል። እኔ ልውሰድዎት አልኩ፣ ሳላስበው። ምርቃቱ እስካሁን አላባራም።

ከቁልቢ አለፍ ሲባል ደግሞ ደንገጎ ነው፣ ያ ጠምዛዛ ቁልቁለት። ከሥሩ ድሬዳዋ። ለሰው ለገብርኤል ነው የምሄደው እላለሁ። አንቺን መዋሸት አልፈልግም። ገብርኤልም ያውቀዋል።

በዚህ ሸራ ደንገጎን መውረድ ግን ሞት ነው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 2። 8 ሰ.

ሳሪስ አቦ። ከድር ሱቅ፣ መለዋወጫ። የስልጤ ልጅ ነው፣ ምላሱ ስለት። ሁለት ዓይነት ሸራ ዘረገፈልኝ። አዲስ ርካሽ፤ ያገለገለ ኦርጅናል። ማዘር ኦርጅናሉን ይውሰዱ ይለኛል፣ የድሮ ዕቃ ነው፣ አያልቅም። አንስቼ አሸተትኩት። ዘይት። ዘይት የጠጣ ሸራ ታጥቦም አይዝም፣ ደምሴ ሲል ሰምቻለሁ። ርካሹን በጥፍሬ ፋቅኩት፤ እንደ ሸክላ። ሲግል ይደነድንና ታምቡሩን ይበላዋል። እንግዲያው ደህናውን አዲስ አውጣ አልኩት፣ ከጓዳ አመጣ። ለሁለቱም ጎን፤ አንዱን ብቻ መቀየር የለም፣ መኪና ወደ አዲሱ ጎን ይጎትታል።

ታምቡሩንም፣ ሸራዎቹን እንደ ድስት የሚከድነውን፣ ውስጡን ቶርኖ ቤት ያስላጩ አለኝ። እሺ።

ስወጣ ተረበኝ። ጋሽ ደምሴስ? ድሬ ቀሩ? የድሬን ምሽት የለመደ ሰው ለአቃቂ ጭቃ አይመለስም አለ። ሳቅኩ። ታክሲ ውስጥ ግን አልሳቅኩም።

እሁድ፣ ሐምሌ 6። ማታ 1 ሰ.

ጉድ ሆንኩልሽ።

ጠዋት ዝናቡ አባራ ስል ጀመርኩ። የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፍኩ፣ ኋላዋን በክሪክ አነሳሁ። ታምቡሮቹን ትናንት አስልጬ አምጥቻለሁ፣ ውስጣቸው እንደ መስታወት። ሞላ ሳወልቅ አንዱ ተፈናጥሮ የእትዬ ብርነሽ ጎመን ውስጥ ገባ። ፍለጋ ላይ ግማሹን ጎመን ነቀልን።

ደምሴ የሚላት አንዲት ነገር አለች። አንዱን ጎን ስትፈታ ሌላውን እንደተገጠመ ተወው፣ ሲምታታብህ ሄደህ ታየዋለህ። እኔ ዝናቡን ፈርቼ ሁለቱንም ፈታሁ። ፈትቼ ቢበቃኝ ደግ፤ ሁሉንም በአንድ ሳፋ፣ በነጭ ጋዝ፣ እንደ ሰሃን አጠብኩት። ንጽህናዬ ሲገድለኝ።

ገጠምኩ። ሸራውን ወደ ታምቡሩ የምታስጠጋዋን ባለጥርስ ቡሎን በካቻቢቴ ወደ ላይ አዞርኩ፣ እሱ እንደሚያደርገው። ጎማው ይጠብቃል ስል ላላ። ሌላውም ጎን ላላ። እትዬ ብርነሽ ጋቢና ናቸው፤ ርገጡ ስላቸው በስመ አብ ይላሉ፣ ልቀቁ ስላቸው ወወልድ። ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርዳል። ልጄ፣ ይሄ ነገር ወደ ላይኛው ዓለም ነው የሚወስደን አሉ።

አሁን ደወለ፣ እሁድ አይደል። አንድ መካኒክ ሠራት አልኩት፣ ሲያጠብቃት ትላላለች። ጠየቀኝ፤

«መካኒኩ ሁሉንም በአንድ ሳፋ ነው ያጠበው?»

እንዴት አወቅክ? አልኩት። ሳቀ። ማስታወሻዬ፣ ይሄን ሳቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጣበቅኩት፣ እንዳያልቅብኝ።

የግራና የቀኝ ቡሎን ጥርሳቸው ተቃራኒ ነው፤ አምታትቻቸዋለሁ። ነገ አቀያይሪ፣ ከሥራ ስወጣ እደውላለሁ፣ ስልኩን ጎማው ሥር አድርጊው አለ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 7። ሊመሽ ሲል

ጭቃው ላይ ማዳበሪያ አንጥፌ ተኛሁ። ስልኩ ጡብ ላይ። ድምፁ ከጎማው ሥር ይመጣል፤ ዓይኔን ስጨፍን አጠገቤ የተኛ ይመስለኛል። አጥብቂ አለ፣ ጎማው እስኪቆም አጠበቅኩ። ርገጡ አልኩ፤ በስመ አብ። ልቀቁ። አሁን እየመለስሽ በእጅሽ አሽከርክሪው አለ። ሽ... ሽ... ሽ... ሸራው ይነካል።

«አንድ ጥርስ መልሺ። አዙሪ። ... አንድ ጨምሪ። ... እሷ ናት። አትንኪያት።»

ድሬዳዋ ሆኖ የአቃቂን ጎማ ይሰማል። በቀኙም እንዲሁ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ድምፅ ሰጡ። ልነሳ ስል

«ሙሉ፣ ለአቃቂ ሜዳ ይሄ ሁሉ ፍሬን ምን ያደርግልሻል?»

ቁልቢ አልኩት፤ የእትዬ ብርነሽ ስለት። ከዚያስ? አለ። ደንገጎ አልኩ። ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ይሁን እሱ ይዝጋው እንጃ። መልሼ ደወልኩ፤ አይገኝም።

እሁድ፣ ሐምሌ 13። ማታ

አልደወለም።

ፍሬኗ ልክ ናት። በባዶም በጭነትም፣ በዝናብም ሞከርኳት። ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ወዲህ ወዲያ የለም። ወርጄ ታምቡሮቹን በእጄ ነካሁ፤ እኩል ለብ ብለዋል።

ከድር ያላት ነገር ትመላለስብኛለች። ሌላ ሰው ቢኖርስ? ጻፍኩት፣ በቃ። ልሰርዘው ነበር፣ ይቆይ። እትዬ ብርነሽ ጥላቸውን ሦስቴ ገልጠው አሳዩኝ። እንዴት ቀረሁ ልበላቸው?

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16። 12 ሰ. ከምሽቱ

ደወለ!

ቃል በቃል እየቆጠበ ነገረኝ። እስካሁን ከሠራተኞቹ ጋር ነበር የሚያድረው፣ ባንድ ክፍል ታጭቀው። አንቺን የማስገባበት ቤት የለኝም ብሎ ነው ነይ ሳይለኝ የከረመው። በፋሲካም ይሄን እንዳልጠይቀው ፈርቶ ቀረ። ከዚያ ሰኞ ወዲህ ቤት ሲፈልግ ሰነበተ። ዛሬ አንድ ክፍል ተከራየ።

ልቆጣው ነበር። ሞኝ ልለው ነበር። አልቻልኩም።

«መስኮቷ መጋረጃ የለውም» አለ። «ይዘሽ ነይ።»

እሺ አልኩ።

«ደንገጎን በሁለተኛ ማርሽ ነው የምትወርጂው። ፍሬኑ ላይ ተኝተሽ አትውረጂ፣ ይግላል። ያዝ፣ ለቀቅ።»

«ርገጪ፣ ልቀቂ» አልኩት።

«አዎ» አለ። «እሱ ነው።»

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17። ንጋት

የመኝታ ቤቱን መጋረጃ አወረድኩት፣ አረንጓዴውን። ሌላ ለመግዛት ጊዜ የለም። መስኮቴ ባዶ ቀረ፤ ጎረቤት ይየው። ጥላው በላስቲክ ተጠቅልሎ ከኋላ ነው፣ መጋረጃው ጋቢና። እትዬ ብርነሽ ዳሰስ አደረጉትና ይሄም ለገብርኤል ነው? አሉ። መጋረጃውን መልሼ አጣጠፍኩት። ትንሽ አዩኝ።

«እኔ ገብርኤል ደጅ እቆያለሁ» አሉ። «አንቺ መጋረጃሽን አድርሺ።»

ውሃ፣ ዳቦ፣ ክሪክ፣ ካቻቢቴ። ሁሉም አለ። ዝናቡም አርፏል። አንቺንም ልያዝሽ ወይስ መሳቢያው ውስጥ ልተውሽ እያልኩ ነው። ክላክሱን ጀመሩ አሁን፣ ሰፈሩን ሊቀሰቅሱት ነው። መጣሁ እትዬ፣ የእጅ ፍሬኑን እንዳይነኩብኝ፣ መጣ