የባለሱቁ ፊት በጋዜጣ

ውድ ወንድሜ፣

ባለሱቁ ጋሼ ከሆስፒታል ወጡ! ከሰላምታ በፊት ይህን የማስቀድመው እንቅልፍ እንዳጣህ ስለማውቅ ነው። የሐሞት ጠጠር ነው የወጣላቸው። ሐኪሙ «ዓመታት የኖረ ጠጠር ነው» ብሏል። ሰማህ? ጋዜጣ ላይ የሳልከው ካርቱን ገና ሳይታሰብ! ልጃቸውም ልትወልድ ደርሳለች። ሚስታቸው «እሱስ ተገላገለ፤ አሁን ተራው የልጅቷ ነው» እያሉ ጎረቤቱን ያስቃሉ።

ካርቱኑ የወጣ ቀን እኔም ስቄ ነበር፤ አልክድም። ሥዕሉ ላይ ዋጋ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ጣሪያ ሲቀድ፣ ባለሥልጣኑ በሕዝብ ገንዘብ የተገዛ አዲስ መኪና ውስጥ ሲገባ፣ ነጋዴው ሚዛኑን በጣቱ ሲጫን። ነጋዴውን ልብ ብዬ ሳየው ግን ክው አልኩ። ያ አገጭ፣ ያ የተጣመመ መነጽር የጋሼ ነዋ! «እጄ ነው፣ ሳላስበው» አልከኝ። የምታውቀው ፊት ካልሆነ እንደማይሆንልህ እኔ አውቃለሁ፤ የአክስታችንን አፍንጫ ስንቱ ሚኒስትር ላይ ለጥፈሃል! ሰፈሩ ግን ይህን ከየት ይወቅ? «ጋሼ፣ ጣትዎን ያንሱ እንጂ» እያለ ቀለደባቸው። ሱቃቸውን ዘግተው ዋሉ፤ ወዲያው ደግሞ ታመው ወደቁ። አንተም ዓይናቸውን ማየት አቅቶህ ሻንጣህን ይዘህ ጠፋህ።

እሳቸው ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ የሸማቾች ጥበቃ ሰዎች ካርቱንህን አይተው መጡ። ሱቁ ውስጥ ሚስታቸው ነበሩ፤ እኔም ለወሬ ቆሜያለሁ። ሚዛኑን ሲፈትሹት የተዛባ ሆኖ ተገኘ። በቃ፣ አለቀልን አልኩ። ተቆጣጣሪዋ ግን ቀና ብላ፣ «እናቴ፣ ይህ እኮ የሚያጎድለው ከእናንተ ነው። ለሰው ትርፍ እየመዘናችሁ ነው የኖራችሁት» አትልም!

ሚስታቸው ወንበር ፈልገው ቁጭ አሉ። «እኔስ ነግደን ነግደን ለምን እንደማያልፍልን ግራ ሲገባኝ!»

ሰፈሩ አፈረ። ቀልዱን የጀመረው ፀጉር አስተካካይ ብርቱካን ይዞ ሆስፒታል ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። አሁን ሚዛኑ ተስተካክሏል፤ ስለዚህ ስኳራችንን ያሳነሰብን ወንድምሽ ነው ብለው እኔን ይዘውኛል። ኑሮው ከብዶ እንኳ ሰው መሳቁን አልተወም።

ይህን ስጽፍ ጋሼ ራሳቸው ግድግዳ ይዘው ቀስ እያሉ መጡ።

«ለማን ነው?»

«ለዚያ ላስቀየመዎት።»

«ጋዜጣዋን አምጫት እስቲ።»

ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩና፣ «የእኔስ ይሁን» አሉ። «ይህ ባለመኪናው ግን ለምን ጀርባው ብቻ ተሳለ?»

«ፈርቶ ይሆናላ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ንገሪው፤ ይምጣና የባለመኪናውን ፊት አዙሮ ይሳለው። ፊት ካጠረው የእኔን ይውሰድ፤ ፊቱ ቁጭ እልለታለሁ።»

እህትህ