የባቡሯ ጥርስ

ጥቅምት 6፣ ጠዋት 2፡30
መጫወቻ ባቡሬ ዛሬም አልዞረችም። ሐዲዷ ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ ነው። ሞተሯ ይጮኻል፣ እግሯ አይንቀሳቀስም። ፈታኋት። መሃል ያለችው ጥርስ፣ ዙሪያዋን ጥርስ ያላት ትንሿ መዘውር፣ ተሸራርፋለች። የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ነሐስ ናት።
ደብተር፣ የምትጽፍብህ ልጄ አልማዝ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ግን ሠላሳ ዓመት ባቡር ጋራዥ ውስጥ ትልቁን ፈትቼ ገጥሜያለሁ። መጫወቻ አያቅተኝም። አልማዝ ፈገግ አለች። እሱንም ጻፊው።
ፈረንሳዩ አለቃችን ወደ አገሩ ሲመለስ ለሁለት ሰው እንዲህ ያለች መጫወቻ ባቡር አንዳንድ ሰጠ፤ ለእኔና ለዕቃ ግምጃ ቤቱ ዘውዴ። የዘውዴን ስም ሰርዢው። አልሰረዘችም።

ጥቅምት 8፣ ከሰዓት
አብነት ሰፈር ሄድኩ። መለዋወጫ ሱቅ። የባቡር ጥርስ አልኩት። ሻጩ ጓዳ ገብቶ የድስት ክዳን የሚያክል ብረት ተሸክሞ መጣ። "አባባ፣ ወፍጮዎ ስንት ፈረስ ጉልበት ነው?"
በእሱ አገር ባቡር የሚሉት የወፍጮ ሞተሩን ነው። ከኪሴ አውጥቼ ባሳየው፣ ይቺማ የሰዓት ናት ብሎ ሳቀ። አልሳቅኩም። ሁለተኛው ሱቅ ደግሞ በድልድዩ ላይ ወደሚሄደው ባቡር ጠቆመኝ፣ እነሱን ይጠይቁ አለኝ። ጉልበቴ ነደደ።

ጥቅምት 10
ቶርኖ ቤት፣ ብረት የሚቀርጹበት። ባለቤቱ ከማል፣ ጨዋ ሰው። ቁራጭ ነሐስ አለው። ስንት ጥርስ አላት? አለኝ። ቆጠርኩ፤ አሥራ ዘጠኝ። እኔም ልቁጠራት ቢለኝ ተቆጣሁ። እኔን ልታስተምር ነው?

ጥቅምት 13፣ 11 ሰዓት
አዲሷ ጥርስ ደረሰችልኝ። ገጠምኩ። ነክሳ ቀረች፣ አትዞርም።
የአሮጌዋን አንዱን ጥርስ በጠመኔ ምልክት አድርጌ እንደገና ቆጠርኩ። አሥራ ስምንት። መነሻዋን ሁለት ጊዜ ቆጥሬያታለሁ። ድሮ ተለማማጅ እንዲህ ሲሳሳት ጆሮውን ነበር የምይዘው። ከማል ዘንድ ነሐሱ አልቋል፣ መቼ እንደሚመጣም አያውቅም።
ለማንም አልናገርም። አልማዝ ብቻ ታውቃለች፣ ስለምትጽፍ።

ጥቅምት 14
ቁጭ ብድግ። እጄ ሥራ ፈቷል። ከሰንጋ ተራ አራተኛ ፎቅ ምን ይታያል? ሌላ ፎቅ።
አልማዝ ለዘውዴ ልደውል ወይ ትላለች። አትደውይም። ዕቃ ስረከብ በጣቴ ስፈርም አይቶ፣ "የእሱ አውራ ጣት ብቻ ነው የተማረው" ብሎ ጋራዡን ሁሉ አስቆብኛል። ከዚያ ወዲህ በመንገድ እንኳ ሰላም አልለውም።

ጥቅምት 16
ደወልኩ። እንደውል ያልኩት ራሴ ነኝ፣ አልማዝ አይደለችም።
የዘውዴ ድምፅ ተሰባብሯል። የእሱ ባቡር ሞተሯ ተቃጥሏል፣ ጥርሷ ግን ደህና ናት። ስጠኝ አልኩት። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ መፍታት አይችልም። አንተ ና ፍታት አለኝ። ላካትና እዚህ እፈታታለሁ አልኩ።
"ዕቃ ያለ ፊርማ አላወጣም።"
"እስካሁን ግምጃ ቤት ነህ እንዴ?"
ሳቀ። ሳሉ አቋረጠው። እኔ ቤት ናና እያት ብለው፣ ደረጃ አልወጣም አለ። ዘጋሁበት።

ጥቅምት 17፣ ጠዋት 1፡00
የእኔ ሞተር፣ የእሱ ጥርስ። ከሁለቱ የምትወጣው አንዲት ባቡር ናት። እዚህ ብትዞር እሱ አያያትም። እዚያ ከሄደች፣ ይህን ሁሉ ደረጃ ተሸክሞ የሚመልሳት የለም። እኔ ልያት ብል እሱ ወደሚኖርበት ልደታ ማርያም መመላለስ ነው። የዘውዴን በር አንኳኩቼ።
ግዴለም።
ሐዲዱን ጠቅልዪ አልኳት። ግማሹን ነው አባዬ? አለች። ሁሉንም። ትራንስፎርመሩንም። ጠረጴዛው ባዶ ቢሆን ምግብ ይበላበታል። ይህን ጻፊና ብዕሩን አስቀምጪ፣ የታክሲ ሰልፍ ሳይበዛ ዘውዴ ጋ እንድረስ።