ሞልቶ የፈሰሰው ባሩድ

ጋሼ፣ ሽጉጡ አልፈነዳም! ዓብዩ እጁም ዓይኑም ደህና ነው፤ ልጃችን ዮዲም ትናንት ተኩሳ፣ ስቃ፣ አሥሩንም ጣቶቿን ይዛ ቤቷ ገብታለች። እልል በልልኝ!

ወይ ጉዴ፣ ሰላም ሳልልህ ጀመርኩ። ውድ ወንድሜ ጋሼ ዋለልኝ፣ እንደምን አለህልኝ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? ዴንቨር ገና በጥቅምት በረዶ ጣለ ይላሉ፣ እውነት ነው? ውብነሽንስ ሳሉ ለቀቃት? ጆሮህ ከስልክ ጋር ከተጣላ ወዲህ ብዕር ማንሳቱን ወድጄዋለሁ፤ ቢያንስ አታቋርጠኝም። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ደህና መሆናችን ግን ያንተም ሥራ አለበት።

ዓብዩ በታክሲው ከክሪስታል ሲቲ ሐኪም ቤት ሲያመላልሳቸው የነበሩት ሽማግሌ ሲሞቱ ልጃቸው የሰጠችው ያ አሮጌ ስድስት ጎራሽ ትዝ ይልሃል? ብረቱ እናታችንን በዕድሜ ይበልጣታል። መሣሪያ ጠጋኙ የሱቅ ጥይት ይከብደዋል፣ ቀለል ያለ ብቻ ይጉረስ ብሎ ስላስጠነቀቀ ዓብዩ ቤዝመንት ቁጭ ብሎ ባዶውን ቀለህ ባሩድ ራሱ ይሞላል። ጠባችን የባሩዱ ምርጫ ነበር። እሱ የወደደው ያንን ደቃቁን፣ ቁንጥር የምትበቃውን ነው፤ አንድ ቆርቆሮ ዓመት ይከርማል ይላል። እኔ ደግሞ ቁንጥሯ ቀለሁ ውስጥ ገብታ ስትጠፋ አየሁና፣ አንዴ ይግባ ሁለቴ በምን ታውቃለህ፣ ቢደገም ሽጉጡን ያፈነዳው የለ አልኩት። "አንቺ ደግሞ፣ ወጥ መሰለሽ እንዴ?" አለኝ። "ወጥማ ጨው ቢደገምበት ሲቀመስ ይታወቃል፤ ይሄን ማን ሊቀምስልህ ነው?" ብዬው ተኮራርፈን ሰነበትን።

ያንተ መልእክት ባይደርስ እስካሁንም ባልታረቅን። አንተ "እኔ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ አምራቹ ለዚህ ጥይት ከፈቀዳቸው ውስጥ ገለባ የመሰለውን፣ ቀለሁን ከግማሽ በላይ የሚሞላውን ግዛ፣ ከመጽሐፉም ልክ አትለፍ፤ ቢደገም ሞልቶ ይፈስና ይነግርሃል" ብለህ አልነበር? ዓብዩ "ወንድምና እህት ዶለታችሁብኝ" ብሎ አጉረመረመ፣ ግን ገዛ።

ያለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ቀለሁን አፉን ወደ ላይ ደርድሮ እየሞላ ሳለ በሩ ተንኳኳ። የአባቱ ወዳጅ አባባ ወልደአምላክ ናቸው፣ ከአሌክሳንድሪያ መጥተው። እንግዲህ ታውቀን የለ፣ አባባ ገብተው ማን ቁጭ ይላል? ብድግ ብሎ ወጣ። ትከሻ ተሳመ፣ ጤና ተጠየቀ፣ አገር ቤት ያለው ዘመድ በየስሙ ተነሣ፣ ምሳ ቀረበ። ከዚያ አባባ "ሥራህን አላስፈታህም፣ እዚያው እናወጋለን" ብለው ደረጃውን ተከትለውት ወረዱ። ዓብዩ ታዲያ ዝም ይበሉኝ፣ ሥራዬን ልይበት ይበላቸው? ነውር ሆነበት። የቱ ጋ እንዳቆመ ሳያጣራ፣ ፊቱን ወደሳቸው አዙሮ "አዎ አባባ፣ ይመስገን አባባ" እያለ መሙላቱን ቀጠለ።

ባሩዱ ከቀለሁ አፍ ሞልቶ ትሪው ላይ ፈሰሰ! ለካ የሞላውን ነበር የሚደግመው። አባባ ምኑም ሳይገባቸው "አይዞህ ልጄ፣ ይጠረጋል" አሉት። እሱ ሁሉንም ገልብጦ ባዶ አደረገ። አባባን ከሸኘን በኋላ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ያ ደቃቁ ቢሆን ሁለቱንም ዋጥ አድርጎ ዝም ይል ነበራ! ቅዳሜ ደግሞ መጀመሪያ የምትተኩሰው ዮዲ ነበረች፤ ለሃያ ሁለት ዓመት ልደቷ ቃል ገብቶላት ነው። "በልጄ እጅ ላይ ነበር የሚፈነዳው" አለኝ። እኔም አላሽሟጠጥኩም። እሺ፣ ትንሽ።

በማግስቱ በሩን ቆልፎ፣ እያንዳንዱን ቀለህ በባትሪ እያየ እንደ አዲስ ሞላ። ደቃቁ ባሩድ ከቤት ወጥቷል። አሁን ሕጋችን ይሄ ነው፤ እሱ ሥራ ላይ ሲሆን እኔ በር ላይ ነኝ፣ እንግዳ ቢመጣ የሱንም ድርሻ ጨምሬ የምስመው እኔ ነኝ። ትናንት ቨርጂኒያ ተኩስ መለማመጃው ስንሄድ ጆሮዬን ብቻ ሳይሆን ዓይኔንም ጨፍኜ ነበር። ድምፁ ልስልስ ያለ ነው፣ እንኳን ሊያስደነግጥ! ዮዲ ዞር ብላ "ዳዲ፣ ዛትስ ኢት?" አለችው። እሱም ዓይኑ እንባ አቅርሮ "ይሄው ነው የኔ ልጅ፣ ይሄው ይበቃናል" አላት።

ውብነሽን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ሳሉ ካልለቀቃት ሐኪም ዘንድ ውሰዳት፣ በዝንጅብል ብቻ አታታላት። ልጆቹን አንድ በአንድ ሳምልኝ፤ ትልቁን ጺሙን ይላጭ በለው። ዓብዩ እጅ ነሥቷል። ዮዲ "አይ ላቭ ዩ ጋሼ" ብላለች።

እህትህ የሻሽወርቅ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2004 ዓ.ም.

ውይ፣ ዋናውን! ዓብዩ በግ አዝዟል፤ ጾሙ ሳይገባ እንበላለን፣ አባባም ይመርቁናል። በረዶ፣ ጉልበት፣ ሥራ የሚል ሰበብ አልሰማም፤ አንተም ውብነሽም ልጆቹም፣ ሁላችሁም፣ ቅዳሜ ኅዳር 9 ቀን።