ስሙ ይጠራ ያሉት ሕመም

ሁሉም «ሲስተር ቶሎ» የሚላቸው አዋላጅ ነርስ ከብረት በያጅ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ዘጠኝ ዓመት ሲሆናቸው እናታቸው ሁለተኛ ልጅ ወልደው ደሙ አልቆም አላቸው፤ በዚያው ቀሩ። ሕፃኗን እህታቸውን አዝለው ያሳደጉ እሳቸው ናቸው። ትምህርት ጨርሰው አዋላጅነት ሲገቡ ለምን ብሎ የጠየቃቸው የለም።

ማዋለጃ ክፍል ዕድሜያቸውን ፈጁ። ደም የሚፈሳትን እናት ማህፀን በእጃቸው እያሹ ሐኪሙን ቶሎ ጥሩ፣ መርፌውን፣ ደሙን ቶሎ አምጡ ይሉ ነበር፤ ስማቸው ከዚያ መጣ። የደም ግፊቷ አሻቅቦ የሚያንቀጠቅጣት ነፍሰ ጡር ከመጣች ካርድ፣ ወረፋ የሚሉትን አይሰሙም። ብዙዎች ዳኑ። ያልዳኑትን ግን በልባቸው ቤት ድረስ ይዘዋቸው ይመጣሉ፤ ያን ማታ መካኒክ የሆኑት ባለቤታቸው ራሳቸው እራት ያቀርባሉ። ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ።

ጉልበታቸው ቆሞ መዋል እምቢ ሲል ወደ ማህፀን በር ምርመራ ክፍል ተዛወሩ። ሴቱን ከሰፈር እየጎተቱ አመጡ። ካረጥሽ በኋላ ጠብታ ደም ካየሽ ሳታድሪ ነይ ይሉ ነበር።

እሳቸው አልተመረመሩም። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ እጃቸውን ይዘው ያስተማሯቸው ልጆች ናቸው፤ እነሱ ፊት አልጋው ላይ መውጣት ሞት መሰላቸው። ደም ሲያዩም ጡረታ ልውጣና ሌላ ቦታ እሄዳለሁ ብለው ደበቁ። ታላቋ ልጃቸው አንሶላ ስታጥብ ደረሰችበት። ወስዳ ስታስመረምራቸው በሽታው ፊኛቸው ጋ ደርሷል። የመረመረቻቸው ካስተማሯቸው ልጆች አንዷ ናት። ስታለቅስ፣ «እጅሽን ታጠቢና ቀጣይዋን ጥሪ» አሏት።

ዓመት ከመንፈቅ ተሰቃዩ። በመጨረሻው ሰሞን ሽታው ሰው እንዳያስቸግር መስኮት ክፈቱ ይሉ ነበር።

ዘመድ ተሰብስቦ በዚህ የሕይወት ታሪካቸው ላይ «ባደረባቸው ሕመም» ተብሎ ይታለፍ፣ ነውር ነው፣ አለ። እሳቸው ግን ቀድመው ለትንሿ ልጃቸው ተናግረዋል፦ «ስሙን ጥሩት። ሬሳዬ ሳይነሳ ይነበብ። ሴቶቹ ያን ሰዓት ጥለውኝ የሚሄዱበት የላቸውም።»

ስለዚህ ይነበባል። ሲስተር ትናንት ሐሙስ ማለዳ በስድሳ አንድ ዓመታቸው በማህፀን በር ካንሰር አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ያሳደጓትን እህታቸውን ትተው ሄደዋል። ሰኞ ጠዋት ልጆቻቸውና እህታቸው፣ ሦስቱም ሴቶች፣ ሊመረመሩ ምርመራ ክፍሉ በር ላይ ናቸው። መምጣት የምትፈልጉ ኑ።

ለነፍሳቸው ዕረፍት፣ ለቆማችሁት ዕድሜ ይስጥልን።