ጣፋጩ ወይንና የእናትሽ ምላስ

እሑድ፣ ሰኔ ዘጠኝ ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ለምሳሳልሽ ልጄ፣

ይህን የምጽፍልሽ፣ እናትሽ ወጥ ቤት ገብታ ድስቶቹን እያንኳኳች፣ በልጅነትሽ እንቅልፍ ይነሣሽ የነበረውን ያን ዜማዋን ስታንጎራጉር እየሰማሁ ስለ ሆነ፣ የምሥራቹን ሳልነግርሽ የገመትሽው ይመስለኛል።

ከዚያ ክፉ ትኩሳት ከተነሣች ወዲህ ምላሷም አፍንጫዋም ከድተዋት፣ ዕድሜዋን ሙሉ የምታበስልበትን ምግብ ቤት ድስት ሁሉ በአንድ ማንኪያ ቅምሻ ስታርም የኖረች ሴት፣ የገዛ እጇን ሥራ እንደ ባዕድ ስትመለከት መክረሟን ታውቂያለሽ፤ ያልነገርንሽ ግን፣ የምግብ ቤቱ ባለቤት እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተሻላት ሌላ ሰው ለመቅጠር መቁረጡንና፣ እርሷም ይህን በሰማች ዕለት ሽርጧን አጣጥፋ ቁም ሣጥን ውስጥ መክተቷን ነው።

የላክሽልን ላምብሩስኮ የሚባል አረፋማ የኢጣሊያ ወይን ከነማስታወሻሽ የደረሰን በዚህ መካከል ነበር። ቀይ ቢሆንም ቀዝቅዞ እንደሚጠጣ፣ ጣፋጭነቱ ለዘብ ያለ በመሆኑም ከጨዋማ አይብ፣ ከቋሊማ፣ ከቲማቲም ስጎና ከጥቁር ቸኮሌት ጋር እንደሚስማማ ብትጽፊም፣ እኔ ቀይ ወይን ማቀዝቀዝ ወይኑን መስደብ ነው ብዬ መደርደሪያ ላይ አቆምሁት።

«አንተ የጠርሙስ ዳኛ! ልጅቷ እኮ የአገሩን ሰው ጠይቃ ነው የጻፈችው» ብላ እናትሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሸጎጠችው።

ዛሬ ምሳ ላይ ቡሹን ስነቅለው አረፋው ገንፍሎ ነጩን የጠረጴዛ ልብስ ቀይ አለበሰው።

«ደስ ይበልህ! አጣቢውም አንተ ነህ» አለች እናትሽ።

አይቡን ቆረሰች፤ እንደ ሰሞኑ ሁሉ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ወይኑን ተጎነጨችና ብርጭቆውን አስቀምጣ በጥርጣሬ አየችኝ።

«ስኳር ጨመርክበት?»

«ኧረ እኔ አልነካሁትም!»

«ማልልኝ እስቲ።»

«ልሙት!»

ዳግመኛ አይቡን ቀመሰች፣ ዳግመኛ ተጎነጨች፣ ዓይኗንም ጨፍና ቆየች። «ጨው… ከዚያ ጣፋጭ» አለች፣ ጠፍቶባት የከረመ ዘመድ ስም እንደምትጠራ። ከዚያም ማንኪያዋን ራሷ ወደ ሠራችው የሥጋ ስጎ ሰደደች፤ ቀመሰችም፤ ማንኪያውንም ጣለችው።

«አንተ ሰውዬ! ይሄን ጨው ነው ስትበላ የከረምከው?»

«ጨው አለው እንዴ?»

«‹እጅሽ ይባረክ፣ ጭማሪ የለም ወይ?› እያልክ! አንተን ብሎ አስመሳይ!»

ሳቀች፤ ሳቁም ሳያልቅ እንባዋ ቀደመው፤ እኔም የአረፋው ነገር ያሳሰበኝ መስዬ የጠረጴዛውን ልብስ ስጠርግ ቆየሁ። ቸኮሌቱን እያላመጠች ለባለቤቱ ደወለችለትና፣ «ነገ ጠዋት መጣሁ፤ ቢላዎቼን ማንም እንዳይነካ!» ብላ ዘጋችበት። ሽርጡም ከቁም ሣጥን ወጥቶ፣ ይኸው፣ ወገቧ ላይ ነው።

ሰፊ ጫማ ልላክልህ ስላልሽኝ፣ ልጄ፣ አትድከሚ፤ ጫማው ነው ብዬ የጻፍሁልሽ የእግሬ እብጠት፣ ከጨው የመጣ ነውና፣ እናትሽ ሐኪሙ ካዘዘልኝ ጨው አልባ ምግብ ጋር ዛሬ ስለ ታረቀች፣ በቅርቡ ይጎድላል ብዬ አምናለሁ። ስትደውዪ ግን ይህቺን ነገር አታንሺባት።

አምላክ ቤትሽን በጤና ይሙላው፤ ከአፍሽ ጣዕም፣ ከማዕድሽ ሰው አያጉድልብሽ።

የጠረጴዛ ልብስ ሊያጥብ የተጠራው
አባትሽ