የአባባ አሮጌ የሞተር መጋዝ

ይድረስ ለምወድህ ወንድም ጋሼ፤ እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን፤ እኔ ብቻ በንዴት ልፈነዳ ነው።

የአባባን አሮጌ የሞተር መጋዝ የጭስ መውጫውን አስፍቼ፣ ካርቡሬተሩን አስተካክዬ አስነሣሁት። አንድ ወፍራም ግንድ በአፍታ ቆርጦ ጣለ። ጎረቤታችን አናጢው ጆሮውን ይዞ ከቤቱ ወጣ። አባባ ግን አጠገቤ ቆመው «ገና አልጮኸም» አሉና ድምፁ እንዲጨምር የነዳጅ መቀነሻውን ብሎን ማጥበቅ ጀመሩ።

«አባባ ይበቃል፣ ይቃጠላል» ብዬ ለመንኳቸው፤ ዘወርም አላሉ። ፒስተኑ ግሎ ተጣበቀና ሞተሩ ቀጥ አለ፤ ልፋቴ ሁሉ ገደል ገባ። ይባስ ብለው «ምነው ዝም ብለሽ አየሽኝ?» ብለው ተቆጡኝ። መፍቻውን ወርውሬ ወጣሁ።

ሌላ ፒስተን እየፈለግኩ ነው። አንተም ለአባባ ከምትደውል ጻፍላቸው፤ ደብዳቤ ይሻላቸዋል። ስትመጣም ከኋላ አትጥራቸው፤ ፊት ለፊታቸው ቁም።

በናፍቆት፣ ታናሽ እህትህ።