ሰው ስለማይቆምበት ፌርማታ ለጥናት ቢሮው ኃላፊ የተጻፈ

ለተከበሩ የክልሉ የኢኮኖሚ ጥናት ቢሮ ኃላፊ፣

ለእርስዎ ሙሉ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ለባልደረቦችዎም ብርታት ከልብ እመኛለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ በሰፈሩ የሚወራብኝን ላርም። እርስዎ ለመረጃ ሰብሳቢነት የላኳትን ወጣት በምርኩዝ አባረረቻት እየተባልኩ ነው። ሐሰት ነው። ምርኩዜን ያነሣሁት ሰው አውቶቡስ የሚጠብቀው የት እንደሆነ ላመለክታት ነው።

አንደኛ፣ ስለ ትጋታችሁ አመሰግናለሁ። ልጅቷ የፌርማታው ምልክት ከተተከለበት ሥር ተቀምጣ ተሳፋሪ ስትጠብቅ ሰንብታለች። እዚያ የፍሳሽ ቱቦ ከፈነዳ ወዲህ እንኳን ሰው ውሻም አይቆምም። ሁላችንም የምንጠብቀው ከመታጠፊያው ወዲያ፣ በመድኃኒት ቤቱ ግድግዳ ሥር ነው፤ ሾፌሩም የሚያቆመው እዚያው ነው። እኛን ጢም አድርጎ የጫነው አውቶቡስ በፊቷ ባለፈ ቁጥር፣ እርሷ በታማኝነት «ተሳፋሪ የለም» ብላ ጽፋለች።

ሁለተኛ፣ ይህንኑ ስነግራት፣ እማማ፣ ቦታውን የመረጡት ዋናው ቢሮ ያሉት ናቸው፤ እኔ ከዚህ እንዳልነሣ ታዝዣለሁ አለችኝ። ልብስ ሰፊው ጎረቤቴም፣ ይተዉአት እትዬ፣ እንደ ክፍል አለቃ የቀረነውን እየመዘገበች ነው ብሎ አሳቀን። ያን ቀን ከሁሉም ጋር ስቄያለሁ።

ሦስተኛ፣ በቀበሌው አዳራሽ የተነበበልን ጥናት ሠንጠረዡ ያማረ፣ ቋንቋው የጠራ ነበር። የነዋሪው የአውቶቡስ ፍላጎት እጅግ መቀነሱን፣ ስለዚህም መስመሩ ከነገ ጀምሮ ወደ ሌላ ቀጠና መዛወሩን ከዚያ ተረዳን። አበው ይህን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉታል። እኔን ያስተማሩኝ መምህር ግን ተረት አይወዱም ነበር፤ የእጅ ጽሑፍ ቢያምር፣ ስሌቱ ቢሰምር፣ መነሻው ከተሳሳተ ወረቀቱን መልሰው እንደገና ያሠሩን ነበር። በዚህ ምክንያት ጥናትን አልጠላም። ያለ ጥናት የሚያስተዳድር ሰው መንገዱን በዳበሳ የሚፈልግ ነው፤ ዐይኑን ጨፍኖ ያጠናም እንዲሁ።

አራተኛውን በመጀመሪያ ልጽፈው አስቤ እጄ እምቢ ስላለኝ ነው እዚህ የደረሰው። ታናሽ እህቴ ለኩላሊት እጥበት ወደ ሆስፒታል የምትመላለሰው በዚህ አውቶቡስ ነው። ስትሄድ እኔን ተደግፋ ትራመዳለች፤ ስትመለስ ጉልበቷ አይታዘዝላትም። ባለ ታክሲዎች መንገዱ ተበላሽቷል ብለው ወደ ሰፈራችን አይገቡም። ትናንት እራት ላይ ሳህኗን ገፋ አድርጋ፣ እታለም፣ አንዳንዱን ቀን ብዘለውስ አለችኝ። ቢዘለል ምን እንደሚመጣ ሐኪሟ ለሁለታችንም ነግሮናል። ሳህኑን መልሼ ወደ እርሷ አስጠጋሁት።

«የተማረ ይግደለኝ» ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። አባባሉ ቃል በቃል ይፈጸማል ብዬ ግን ጠርጥሬ አላውቅም ነበር።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያችን ወጣት ለአንዲት ጠዋት መልሰው ይላኩልን፤ በመድኃኒት ቤቱ ግድግዳ ሥር ከእኛ ጋር ትቁም፤ እርሷ ያየችውን ጽፋ እስክታቀርብም ድረስ አውቶቡሱን አይውሰዱብን።

ስለ ሠሩልን ሁሉ፣ ወገቤ እስከፈቀደልኝ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤

በሠንጠረዥዎ ያልተገኘሁት፣ በሕይወት ያለሁት
አክባሪዎ

ከፊርማዬ በታች የቀረ፦ ነገ በመጀመሪያ እህቴን ቀስቅሼ ሙቅ ልብስ አለብሳታለሁ። ቀጥሎ የሕክምና ካርዷን በቦርሳዬ እይዛለሁ፤ በሩን እቆልፋለሁ። ከዚያ እስከ ዋናው አስፋልት ድረስ እደግፋታለሁ፤ ሲደክማት እናርፋለን። የቢሮዎ መኪና ጠዋት ጠዋት እርስዎን ብቻ ይዞ በዚያ ያልፋል። ለኋላ ወንበሩ ያለው ፍላጎት ተጠንቶ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን መሐል መንገድ ላይ ቆሜ እጄን አነሣለሁ።